የበገነ አካል፣ የዘገየ ልቡና

በአማርኛ የሕክምና አነጋገር የሰውነት ክፍል ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲግልና ሲያም የሚታየው ሁኔታ «ብግነት» ወይም «መቆጣት» ይባላል፤ የጨጓራ መቆጣት፣ የድድ መቆጣት፣ የተቆጣ ቁስል እንደሚባለው ነው። ከሕክምናው ውጭ ግን ሁለቱም ቃላት የሚነገሩት ስለ ሰው ነው፤ በቁጭት ውስጥ ውስጡን የሚቃጠል ሰው ብግን አለ ይባላል፣ ሐዘን የጠናበትም አንጀቱ አረረ፣ ሆድ ባሰው ይባላል። ቋንቋው የአካልንና የመንፈስን እሳት በአንድ ግስ መጥራቱ ለማንም ማስረጃ አይሆንም፤ ሆኖም ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ የሥነ አእምሮ ተመራማሪዎችን የያዛቸው ጥያቄ ይህንኑ ዝምድና የሚመለከት በመሆኑ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይደለም። ጥያቄውም፣ የሰው ሐዘንና የሐሳቡ መዘግየት ከደሙ የሚነሣ ከሆነ ያ ሐዘን የነፍስ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል ወይ? የሚል ነው።

ድባቴ ተራ ማዘን አይደለም። ሐኪሞች ይህን ስም የሚሰጡት የስሜት መውደቅ ወይም የፍላጎት መጥፋት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ሳይለቅ ቆይቶ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትንና ጉልበትን ሲያውክ ሲሆን፣ ከምልክቶቹ መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የማሰብ ኃይል መድከም ነው። ትኩረት ይሸሻል፣ ትናንት የተነገረ ነገር ይጠፋል፣ የትኛውን ሸሚዝ ልልበስ የሚለው እንኳ ከባድ ውሳኔ ይሆናል። ይህን ድካም ለመለካት ከሚያገለግሉት ፈተናዎች አንዱ እጅግ ቀላል ነው፤ በወረቀቱ ራስጌ ከ1 እስከ 9 ያሉት አኃዞች እያንዳንዳቸው ከአንድ ትንሽ ምልክት ጋር ተጣምረው ይቀመጣሉ፣ ከሥር አኃዞች ብቻ በረድፍ ይደረደራሉ፣ ተፈታኙም በ90 ወይም በ120 ሴኮንድ ውስጥ የቻለውን ያህል በየአኃዙ ሥር ተገቢውን ምልክት ይሥላል። በድባቴ የተያዘ ሰው ምልክቶቹን አይቶ መለየት አያቅተውም፤ ነገር ግን ዐይኑ ወደ ራስጌው ደጋግሞ ይመለሳል፣ እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ይቆያል፣ ሰዓቱ ሲያልቅም ብዙው ረድፍ ባዶ ነው። ዕውቀቱ አልጠፋም፤ የጠፋው ፍጥነቱ ነው፤ ፍጥነቱ የጠፋ ሰው ደግሞ በሌላው ዐይን ሰነፍ ይመስላል።

ሰውነት ተሕዋስ ሲገባበት ወይም ሲቆስል የመከላከያ ሕዋሳቱ ሳይቶካይን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖችን እንደ መልእክተኛ ይለቃሉ፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኢንተርሊውኪን 6 ጉበት ዘንድ ሲደርስ ጉበት ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል፤ በላቦራቶሪም ብግነት መኖሩን ለማወቅ በጥቂት ደም የሚለካው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። መልእክቱ በከፊል በደም፣ በከፊልም ከሆድ ዕቃ ወደ አንጎል በሚወጣው ቬገስ በተባለው ነርቭ በኩል አንጎል ይደርሳል፤ በዚያም ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎል ጠባቂ ሕዋሳት ይነቃሉ፣ ሴሮቶኒን ይሠራበት የነበረው ትሪፕቶፋን ካይኑሬኒን ወደሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይዞራል፣ ለመነሣሣትና ለእንቅስቃሴ ፍጥነት የሚያስፈልገው ዶፓሚንም ሥራው ይዳከማል። ጉንፋን የጠናበት ሰው ጥግ ይዞ ኩርምት የሚለው፣ ምግብ የሚያስጠላው፣ ጨዋታ የሚሰለቸው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የእንስሳት ሐኪሙ ቤንጃሚን ሃርት ይህ ጠባይ አካል ኃይሉን ለትኩሳቱና ለውጊያው እንዲያውል የሚያደርግ የተፈጥሮ ዘዴ እንጂ የድካም ውጤት ብቻ አለመሆኑን ጽፏል። ለሦስት ቀን የሚጠቅም ዘዴ ግን ለሦስት ወር ሲዘልቅ እስር ቤት ይሆናል።

በ2001 የታተመ አንድ ጥናት ነገሩን በጤነኞች ላይ አሳይቷል። በጀርመን አገር 20 ጤነኛ ወንዶች ከባክቴሪያ የሚገኝ ኢንዶቶክሲን የተባለ ንጥረ ነገር በእጅግ አነስተኛ መጠን በደም ሥራቸው ተሰጣቸው፤ በሌላ ቀን ደግሞ ምንም የሌለበት ፈሳሽ ተሰጣቸው፣ የትኛው መቼ እንደተሰጣቸው ግን አያውቁም ነበር። ሳይቶካይኖቹ በደማቸው ከፍ ባሉባቸው ሰዓታት ስሜታቸው ወደቀ፣ ጭንቀት ገባቸው፣ የማስታወስ ችሎታቸውም ቀነሰ። ማንም አልሞተባቸውም፣ ከሥራ የተባረረም አልነበረም። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የቆዳ ካንሰር ያለባቸውንና ኢንተርፌሮን አልፋ በተባለ የመከላከያ ሥርዓትን በሚያነቃቃ መድኃኒት የሚታከሙ 40 ሕሙማንን ተመልክቶ፣ ፀረ ድባቴ መድኃኒት አስቀድሞ ካልተሰጣቸው መካከል 45 በመቶው፣ ከተሰጣቸው መካከል ግን 11 በመቶው ብቻ በድባቴ መያዛቸውን አሳየ። እነዚህን ማስረጃዎች ይዞ ድባቴ ሁሉ ብግነት ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። በጥናቶች ጥቅል ግምት መሠረት ከድባቴ ሕሙማን መካከል የሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን መጠናቸው በሊትር ከ3 ሚሊግራም የሚበልጠው ሩብ ያህሉ ናቸው፤ በ2013 ኢንፍሊክሲማብ የተባለ ብርቱ ፀረ ብግነት መድኃኒት ሌላ ሕክምና እንቢ ላላቸው 60 ሕሙማን ሲሞከርም በአጠቃላይ ከባዶው መድኃኒት አልበለጠም፤ የተሻላቸው የሚመስሉት የዚያ ፕሮቲን መጠን በደማቸው ከ5 ሚሊግራም በላይ የነበረባቸው ብቻ ነበሩ። እሳቱ ያለው በአንዳንዱ ቤት ነው፤ በሌላው ቤት ጨለማው ከሌላ ምክንያት የመጣ ነው።

የአእምሮን ድካም በአካል ማስረዳት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከናይሮቢ በላይ የሚያስተምር ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። በቲካ መንገድ ዳር የሚገኘው የማታሪ ሆስፒታል መነሻው የፈንጣጣ ሕሙማን ማግለያ ነበር፤ በ1910 የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ሆነ፣ በ1924ም የማታሪን ስም ያዘ። ከ1938 እስከ 1950 የመራው ጆን ኮሊን ካሮተርስ የተባለ ሐኪም ሲሆን፣ ሥራውን ሲረከብ በሥነ አእምሮ የነበረው ሥልጠና እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ይህ ሰው በ1953 የዓለም ጤና ድርጅት ባሳተመለት ጥናት ድባቴ በአፍሪቃውያን ዘንድ ብርቅ መሆኑን፣ ምክንያቱም አፍሪቃዊው በግሉ ኃላፊነትና ጥፋተኝነት የማይሰማው መሆኑን ጻፈ፤ አልፎም የአፍሪቃዊውን ጠባይ የፊት አንጎሉ ትስስር በቀዶ ጥገና ከተቆረጠበት አውሮፓዊ ጠባይ ጋር አመሳሰለ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ለቅኝ ገዥው መንግሥት ስለ ማው ማው ሥነ ልቡና የሚተነትን ጽሑፍ አዘጋጀ፤ መሬቱን የተነጠቀ ሕዝብ ያነሣው ዐመፅ በእርሱ እጅ የአእምሮ ችግር መልክ ያዘ። በአልጄሪያ ብሊዳ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ፍራንዝ ፋኖን በ1961 በወጣው መጽሐፉ ካሮተርስን በስሙ ጠቅሶ ተችቶታል።

ካሮተርስ ድባቴን ያላየበት ምክንያት ዛሬ ግልጽ ነው። ወደ ማታሪ የሚመጡት በፖሊስና በፍርድ ቤት በኩል፣ ሰላም ነሡ የተባሉ ሰዎች ነበሩ፤ ጎጆው ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛውን ሰው ማንም አላመጣለትም። ከዚህም በላይ እርሱ የሚፈልገው ራስን መውቀስን ነበር፤ ሕመምተኛው የሚነግረው ግን ሌላ ነው፤ ራሱን ያቃጥለዋል፣ ደረቱን ያፍነዋል፣ ጉልበቱ ከድቶታል። በ1960 ካናዳዊው ሐኪም ሬይመንድ ፕሪንስ በናይጄሪያ ተማሪዎች ዘንድ ያየውን ሕመም ሲገልጽ ዋናዎቹ ምልክቶች የራስ መቃጠልና ያነበቡትን መያዝ አለመቻል ነበሩ። በ1979 በሁለት የኡጋንዳ መንደሮች የተደረገ ጥናት ይፋ ሲሆን ደግሞ በዚያ ድባቴ ከለንደን ነዋሪዎች ይልቅ በዝቶ ተገኘ። የአካል ስሞታን ግን መማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ሐዘኑን በስሙ መጥራት ያልቻለ ሰው ወደ ሥጋው የሚያላክከው ነገር አድርገው አይተውታል። የሳይቶካይኑ ጥናት ይህን ንቀት ያፈርሳል፤ ሰውነቴ ታሟል፣ ሐሳቤ አልያዝ አለኝ ያለው ሰው ሕመሙን በደንብ ገልጾት ሊሆን ይችላል፤ መተርጎም ያቃተው ሐኪሙ ነው።

ታዲያ አዲሱ ሳይንስ ካሮተርስ በወደቀበት ጉድጓድ እንዳይወድቅ ምን ይጠብቀዋል? አንደኛው ልዩነት ካሮተርስ የአንድ ዘር ቋሚ ጉድለት አድርጎ ያየውን፣ ይህኛው የሰው ሁሉ የሆነና የሚመጣ የሚሄድ ሁኔታ አድርጎ ማየቱ ነው። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። የ3 ሚሊግራሙ ወሰን ራሱ የተቀመጠው በ2003 በአሜሪካ፣ ለልብ ሕመም ሥጋት መለያ ተብሎ ነው፤ ናይሮቢ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ወባ ብዙም ባይጠናባትም፣ በኪቤራና በማታሬ የቆርቆሮ ክፍሎች ውስጥ በከሰልና በላምባ ጭስ ታፍኖ፣ ተቅማጥና ሳል እየተፈራረቁበት የሚኖር ሰው ደም ከቦስተን ነዋሪ ደም ጋር በአንድ መስፈሪያ መለካቱ አጠያያቂ ነው።

በኒው ዚላንድ ዱኒዲን ከ1972 እስከ 1973 የተወለዱ አንድ ሺህ ያህል ሰዎችን ከልጅነታቸው ጀምሮ የተከታተለ ጥናት ደግሞ፣ በልጅነታቸው በደል የደረሰባቸው 32 ዓመት ሲሞላቸው በደማቸው የብግነት ምልክት ይበልጥ እንደሚታይ በ2007 ገልጿል። ይህ ግኝት በመነሻው የተቀመጠውን ጥያቄ ይለውጠዋል። ደም ከሰው ታሪክ ጋር የሚፎካከር ሌላ ምክንያት ሳይሆን ታሪኩ የሚጻፍበት ብራና ከሆነ፣ በናይሮቢው የኢስሊ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቶ ወረቀቱን ለዓመታት የሚጠብቅ ስደተኛ፣ ኢትዮጵያዊም ይሁን ሶማሌ፣ የሐሳቡ መዘግየት ከብግነት ነው ሲባል ስደቱ ተረሳ ማለት አይደለም። በስዋሂሊ ይህን መሰሉ ሁኔታ «ምሶንጎ ዋ ማዋዞ»፣ የሐሳብ መጨናነቅ፣ ይባላል፤ ሐሳቡም ጭነቱም በአንድ ስም ተይዘዋል።

የሃይማኖቱ ጥያቄ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በግብጽ በረሃ ይኖር የነበረውና በ399 ያረፈው ኤዋግሪስ፣ መነኩሴን በቀትር የሚይዘውን ክፉ ሐሳብ ሲገልጽ ፀሐይ የቆመች እንደሚመስለው፣ ቀኑ እንደሚረዝምበት፣ ዐይኑ ከመጽሐፉ ወደ መስኮቱ እንደሚሸሽ አስተውሏል፤ ስሙንም ከመዝሙረ ዳዊት፣ ከቀትር ጋኔን ጋር አያይዞታል። በፊልክስዩስ፣ በማር ይስሐቅና በአረጋዊ መንፈሳዊ የሚማር ኢትዮጵያዊ መነኩሴም ለዚህ ውጊያ እንግዳ አይደለም። በዘመናት ውስጥ ግን ይህ ረቂቅ ምልከታ ጠብቦ በምዕራቡ ስንፍና ከሚባለው ኃጢአት ጋር ተቀላቀለ፣ በአማርኛም «ሀኬተኛ» ማለት ዛሬ ሥራ ጠል ማለት ብቻ ሆኗል። ኤዋግሪስ የገለጸው ሰው አኃዝና ምልክት ከሚያዛምደው ተፈታኝ ጋር ወንድማማች ነው፤ ሁለቱም መሥራት ይፈልጋሉ፣ ሰዓቱ ግን አልሄድ ይላቸዋል። ስለዚህ ጸሎቴ ተበተነብኝ ለሚል ሕመምተኛ አጥብቀህ ጸልይ ብቻ ማለት የተሰበረ እግር ያለውን ሩጥ እንደማለት ይሆናል፤ ያውም እርሱ አስቀድሞ በራሱ ላይ ፈርዷል፣ ፈራጁም ያው የደከመው ልቡና ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ከብዙ ሰባኪዎች ቀድሟል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኬንያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 226 ራሱን ለማጥፋት የሞከረን ሰው እስከ ሁለት ዓመት እስራት ያስቀጣ ነበር፤ በጥር ወር 2025 የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህ አንቀጽ የአእምሮ ሕመምን ወንጀል የሚያደርግ ነው ብሎ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ መሆኑን ወሰነ። ውሳኔው ግን ሰውየው ምንም ኃላፊነት የለበትም አላለም፤ ስለ ሳይቶካይንም ያነሣው ነገር የለም። ኬንያዊው ቄስና ፈላስፋ ጆን ምቢቲ በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ በአፍሪቃ አስተሳሰብ ሰው ሰው የሚሆነው ከሌሎች ጋር በመሆኑ ነው ብሎ ነበር፤ ምቢቲ አፍሪቃን ሁሉ በአንድ ሙቀጫ መውቀጡ ቢያስተቸውም፣ ብግነት መጀመሪያ የሚነጥቀው ይህንኑ ከሌላው ጋር የመሆን ፍላጎት ነውና ሐሳቡ እዚህ ቦታ አለው።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ምድረ በዳ ገብቶ ሞትን ሲለምን፣ ወደ እርሱ የመጣው መልአክ ስለ እምነቱ አልጠየቀውም፤ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ ነቢዩም ተመልሶ ተኛ፣ መልአኩም ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። በዚህ ምን ታደርጋለህ? የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ ወዲያ፣ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ነገር ደግሞ ጥያቄው ሁለት ጊዜ መጠየቁንና ነቢዩ ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ ስሞታ፣ ብቻዬን ቀረሁ የሚለውን፣ መድገሙን ነው፤ ነፋሱ፣ ምድር መናወጡና እሳቱ ከፊቱ አልፈው ዝግ ያለውን ድምፅ ከሰማም በኋላ መልሱ አልተለወጠም። ስለዚያ ግን አልተወቀሰም፤ በመጣበት መንገድ እንዲመለስ ተነገረው፣ የሚቀባቸው ሰዎች ስም ተሰጠው፣ ከእነርሱም አንዱ በአሥራ ሁለት ጥማድ በሬ ሲያርስ የሚያገኘው፣ ከዚያም አብሮት የሚሄደው ኤልሳዕ ነበር።