የአገር ኒሻን ለማን ይገባል? ለዝነኛው ወይስ ለሕዝብ አገልጋዩ?



ወጣቶች በተሰበሰብንበት ሁሉ ሳይነሣ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። አገር ኒሻን ስትሰጥ ለማን ብትሰጥ ይገባል? ስሙ በየቤቱ ለሚጠራው ለሯጩ፣ ለድምፃዊው፣ ለተዋናዩ? ወይስ ከሚሠራበት ቀበሌ ወዲያ ማንም ለማያውቀው ለመምህሩ፣ ለጤና ሠራተኛው፣ ለመዝገብ ቤት ጸሐፊው? ክርክሩ ብዙ ጊዜ በሣቅና በጭብጨባ ያልቃል፤ የሚረታውም ለዝነኛው የቆመው ወገን ነው። ምክንያቱም የሚጠራቸው ስሞች አሉት። ለአገልጋዩ የቆመው ግን «እስቲ አንድ ሰው ጥቀስ» ሲባል ዝም ይላል። እኔም ከዚሁ ዝምታ ልነሣ እወዳለሁ፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚያ ይመስለኛልና።

በቅድሚያ ግን ለዝነኛው የሚቀርበው ክርክር ቀላል ስላልሆነ በሚገባ እንስማው። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በጃቶ የተወለደው ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨረሰ። የኢጣልያ ጦር አገራችንን ከወረረ ገና 25 ዓመት አልሞላም ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር ሳይሞላው በቶኪዮ ደገመው። ከእርሱ በፊት የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው አልነበረም። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ሲያርፍ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በቀብሩ ላይ ተገኝተዋል። ይህ ሰው ኒሻን አይገባውም የሚል ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አልከራከርም፤ ለሕዝብ ቀና ብሎ መሄድን መስጠት እንጀራ ከመስጠት የማይተናነስበት ጊዜ አለ።

ይሁንና አንድ ነገር ልብ እንበል። አበበ ወደ ሮማ የሄደ ጊዜ ዝነኛ አልነበረም፤ ደመወዙን ከክብር ዘበኛ የሚቀበል ወታደር ነበር። በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ዐርፎ ሥርዓተ ቀብሩ በመንግሥት ደረጃ የተፈጸመለት ጥላሁን ገሠሠም ከዕድሜው ከፊሉን ያሳለፈው በዚያው በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ነው። እንግዲህ ሁለቱም ስማቸው በደመወዝ መዝገብ ላይ የሰፈረ ሠራተኞች ነበሩ። ከጓደኞቻቸው የለያቸው ሥራቸው በሕዝብ ፊት የሚታይ መሆኑ ነው። በአንድ ሰፈር አብሮአቸው ያደረ፣ ሥራው ግን ቁስለኛ ማሰር ወይም የስንቅ ቤት ሒሳብ መጠበቅ የነበረ ወታደር ስንት ይሆን? ስለዚህ «ዝነኛ ወይስ አገልጋይ» ከማለት ይልቅ «የሚታየው አገልግሎት ወይስ የማይታየው» ብንል ወደ እውነቱ እንቀርባለን።

በመሠረቱ ጭብጨባና ኒሻን አንድ አይደሉም። ጭብጨባ ዓይን ያየውን ይከተላል፤ ማንም ሳያዝዘው ይነሣል፤ ለባለቤቱም ገንዘብን፣ ወዳጅን፣ የተከፈተ በርን ያመጣለታል። ኒሻን ግን ምስክርነት ነው። አገር ሸንጎ ቆማ «ይህ ሰው ዕዳ አለብኝ፤ ሌላው ባያየው እኔ አይቻለሁ» የምትልበት ቃል ነው። አገር ሕዝቡ አስቀድሞ ያጨበጨበለትን ብቻ እየተከተለች ካጨበጨበች ምስክርነቷ ምን ጨመረ? ሺህ ሰው ያየውን ነገር ለመመስከር ሸንጎ አይቆምም።

የማይታየው ሥራ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በጥር 1963 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ተጀመረ። አገራችን በሽታው በመጨረሻ ከቀረባቸው ጥቂት የዓለም አገሮች አንዷ ነበረች። አብዛኛው ሕዝብ ከመኪና መንገድ እጅግ ርቆ ስለሚኖር ክትባት ሰጪዎችና ሳኒታሪያኖች የሚጓዙት በእግርና በበቅሎ ነበር። በብዙ የደጋ አገር ሰው ክትባቱን ይጠራጠር ስለ ነበር በየመንደሩ ሽማግሌውንና ቄሱን ማስረዳትና መለመን ነበረባቸው። ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግ ሥልጣን ያዘ፤ በየአቅጣጫው ጦርነት ተነሣ፤ እነርሱ ግን መዝገባቸውንና መርፌያቸውን ይዘው መሄዳቸውን አልተዉም። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የመጨረሻዋ ሕመምተኛ ኦጋዴን ውስጥ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ምድር በፈንጣጣ የታመመ የለም። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ታወጀ።

አሁን በገበያ ቀን መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ቁሙና የሚያልፈውን ሰው ፊት ተመልከቱ። በርኖሳቸውን ደርበው ከሚያልፉት ሽማግሌዎች መካከል ፊታቸው የተነቃቀሰ ታገኙ ይሆናል። ዕድሜው ከአርባ አምስት በታች በሆነው ላይ ግን ያን ጠባሳ አታገኙም። ይህ ሁሉ ንጹሕ ፊት የእነዚያ ሰዎች የእጅ ሥራ ነው። ግን ማን ያጨበጭባል? ሯጩ ሲያሸንፍ ሰንደቅ ዓላማ ይወጣል፤ ክትባት ሰጪው ሲያሸንፍ ምንም ነገር አይሆንም። የሥራው ፍሬ ይኸው «ምንም አለመሆኑ» ነው። ያልሞተ ሕፃን መታሰቢያ አይቆምለትም፤ እናቱም ከሞት መዳኑን ስለማታውቅ ማንንም አታመሰግንም። ከላይ የጠቀስሁት ዝምታ የመጣው እንግዲህ ከዚህ ነው፤ አገልጋዩ ስም የሌለው ሥራው ስላነሰ ሳይሆን ሥራው ሲሠምር ራሱን ስለሚያጠፋ ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይምሰለን። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መመደብ ተጀምሮ በአገሪቱ ቍጥራቸው ከ30,000 አልፏል። አብዛኞቹ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች ናቸው። በእኛ ቀበሌ ያለችው እኅት የክትባቱን ሣጥን በትከሻዋ አንግታ ከደጋው አፋፍ ወደ ቆላው ስትወርድ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። ስትወርድ ብርድ፣ ስትደርስ ሐሩር ነው፤ ስትመለስ ደግሞ ዳገት። ሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ሳይሟሟ መድረስ ስላለባት በመንገድ ቡና ጠጪ ሲሏት እንኳ አትቆምም። አንዳንዶች ኩሩ ናት ብለው ያሟታል!

የራሳችንን ሰው ሥራ ባዕዳን አስቀድመው ያወደሱበትም ጊዜ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1957 ዓ.ም. ግድም በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ሥፍራ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ቢያዩ ነገሩን ሲመረምሩ ኖሩ። ዶክተር መላኩ ወረደ ደግሞ አዲስ አበባ ያለውን የዕፅዋት ዘር ማእከል ይመሩ በነበረ ጊዜ፣ በ1977ቱ ድርቅ ገበሬው የዘሩን እህል ለመብላት ሲገደድ፣ እነርሱ የገበሬውን ዘር እየሰበሰቡ ከመጥፋት ያድኑ ነበር። ገብስ የሚያበቅል የመንዝ ሰው ዘር ጠፋ ማለት ምን እንደ ሆነ ሊነገረው አያስፈልግም። በ1982 ዓ.ም. ስዊድን አገር የሚሰጠው ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ሽልማት ለዶክተር አክሊሉና ለሥራ ባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ፣ እንዲሁም ለዶክተር መላኩ ተሰጠ። በአንድ ዓመት ሦስት ኢትዮጵያውያን! ይህን ሽልማት ለጓደኞቼ ባነሣሁ ጊዜ የሰማ አንድም አልነበረም፤ የዚያን ዘመን የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ግን በስም የሚቈጥር አላጣሁም።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው «አገልጋዩ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ግዴታውን ለተወጣ ሽልማት ምን ያደርግለታል?» የሚል ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለሰዓቱ ነው። ሰዓቱን ቆጥሮ የሚገባና የሚወጣ፣ ማኅተሙን አንሥቶ ባለጉዳይን «ነገ ና» የሚለው ሠራተኛም ያንኑ ደመወዝ ይበላል። የክትባት ሣጥን ተሸክሞ ገደል መውረድና ቢሮ ተቀምጦ ሪፖርት መሙላት በደመወዝ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ የሚያይ ሌላ ዓይን ካልተገኘ፣ የመጀመሪያው ሰው አንድ ቀን ደክሞት ወደ ሁለተኛው ቢለወጥ ማን ይፈርድበታል? ዝነኛውም ቢሆን እኮ ይከፈለዋል፤ ያውም ከብዙ መምህራን ደመወዝ ድምር የሚበልጥ።

ሁለተኛውን ተቃውሞ ከዚህ ይልቅ እፈራዋለሁ። «የሕዝብ አገልጋይ ይሸለም ስትሉ በመጨረሻ የሚሸለመው ሹሙ ነው» ይላሉ፤ እውነትም አላቸው። በአገራችን ኒሻን ማዕርግን እየተከተለ በሹማምንት ደረት ላይ ሲደረደር የኖረ ነገር ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል ተረት ያለን ሰዎች ነንና ሕዝቡ ሹም ሲሸለም ሲያይ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። እኔ ግን ተረቱን ገልብጬ አነበዋለሁ። ሲሾም ያልበላ ሰው በአገሩ ተረት እንኳ ሳይቀር እንደ ሞኝ የሚቈጠር ከሆነ፣ «አንተስ ሞኝ አይደለህም» የሚለው አንድ ድምፅ መኖር አለበት። ይህን ደግሞ ጭብጨባ አይለውም።

አንዳንድ ወንድሞች ደግሞ በጎ ሥራ በስውር መሠራት ስለሚገባው አገልጋዩን በአደባባይ መሸለም ዋጋውን ማሳጣት ነው ይላሉ። ሥራን መሰወር የሠሪው ድርሻ ነው፤ ማመስገን የተቀባዩ። ከተፈወሱት ከዐሥሩ ለምጻሞች ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ በሆነ ጊዜ ዘጠኙ የት እንዳሉ ተጠይቀዋል እንጂ «ዝምታቸው መልካም ነው» አልተባለላቸውም።

ዝነኛ ሰው ዝናውን ለሌላው ሲያውለው ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ለዚህም መርሐ ቤቴ ምስክር ናት። ካርል ሃይንዝ በም በአውሮፓ የታወቀ የፊልም ተዋናይ ነበር። በ1973 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ቀርቦ እያንዳንዱ ተመልካች አንድ አንድ ማርክ ለተራቡ እንዲሰጥ ጠየቀ፤ በተሰበሰበውም ገንዘብ ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ ከሐረርጌ ጀመረ፤ በኋላም መርሐ ቤቴ ደረሰ። በዓለም ከተማ የሚገኘው እናት ሆስፒታል የዚሁ ድርጅት ሥራ ነው። ኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ሰጥታዋለች፤ በሚገባ አደረገች። የተሸለመው ግን ፊልም በመሥራቱ አይደለም፤ አገልጋይ በመሆኑ ነው። ደግሞም ሆስፒታሉን ያሠራውን ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚያ ቤት ሌሊት ተነሥታ ምጥ የያዛትን የምታዋልደውን ነርስ ስም የሚያውቁት ግን ያዋለደቻቸው ብቻ ናቸው።

ታዲያ የማይታየውን ማን ያያል? መንዝ ለዚህ የራሱ ልምድ አለው። የጓሳን ሣር ለዘመናት የጠበቀው የቄሮ ሥርዓት የሚባለው ደንብ ነበር፤ ጠባቂዎቹንም የሚመርጣቸው ባላባቱ ሳይሆን ሣሩን የሚያጭደው ሰው ነበር። ማን ሌሊት እንደሚጠብቅ፣ ማንስ ለዘመዱ ከብት ዓይኑን እንደሚጨፍን የሚያውቀው ጎረቤት ነውና። ለኒሻንም የሚታጨውን የሥራ ቤት አለቃው ሳይሆን ባለጉዳዩ ቢጠቁም ሹም ራሱን በራሱ ከመሸለም ይድናል። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የበጎ ሰው ሽልማት ከሕዝብ ጥቆማ መቀበሉና መንግሥታዊ ኃላፊነትን በብቃት ለተወጡ ሰዎች አንድ ዘርፍ መለየቱ ጥሩ ጅምር ነው። ጥቆማው ግን ግሼ ራቤል ድረስ ይደርሳል ወይ?

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐ ቤቴ ሰው ነበሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሠርተው በ1931 ዓ.ም. በስደት በእንግሊዝ አገር ዐረፉ። እኒህ ሰው በ1915 ዓ.ም. ለኋላ ልጆች መታሰቢያ እንዲሆን «የሕይወት ታሪክ» ብለው ባሳተሙት መጽሐፍ የብዙ ሰዎችን ስምና ሥራ አጠር አጠር አድርገው መዝግበዋል፤ አንዳንዱን በጥቂት መስመር ብቻ። ስሙ እንዳይጠፋ ለማድረግ ወርቅ አላስፈለጋቸውም። በየወረዳው እንዲህ ያለ መዝገብ ቢከፈት እኔ ከፈንጣጣው ሠራተኞች እጀምር ነበር። ከ1963 እስከ 1968 ዓ.ም. በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ቀበሌዎች እየዞሩ የከተቡት እነማን እንደ ነበሩ፣ ማን ቤት እንዳደሩ፣ ማን በቅሎ እንዳዋሳቸው የሚያስታውስ ሽማግሌ ዛሬም አይጠፋም። ከእነርሱም በሕይወት ያሉት ዕድሜያቸው ሰባ ደርሷል ወይም አልፏል። ተማሪው ለክረምት ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃዋል።