ስሙ የማይረሳ ማን ነው?

የስብከቱ ክፍል፦ መጽሐፈ መክብብ 9፥13–18



መክብብ በጥበቡ ከተማን ስላተረፈ፣ በኋላ ግን ስለ ተረሳ አንድ ድሀ ሰው ይነግረናል።

በአገራችንም ይህን የሚያሳስብ ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በወንዝ ዳር ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ አዩ። ከሚታጠብበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ሊቁ ነገሩን ንቀው አላለፉም፤ መርምረው የእንዶድን ኃይል ለዓለም አስረዱ። በ1989 ዓ.ም. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን አገር ተሸለሙ። በ1997 ዓ.ም. ቢያርፉም ስማቸው እስከ ዛሬ በክብር ይጠራል።

ስለ እነዚያ ልብስ አጣቢዎችስ ምን እንላለን? ለምርምሩ መነሻ የሆነው የእጃቸው ሥራ ነበር፤ ስማቸውን ግን የሚጠራ የለም።

ወገኖቼ! ለሰው ልጅ የደከመውን ማክበር ተገቢ ነው፤ ስጦታው ከእግዚአብሔር ነውና። ነገር ግን ዝና ሊቁንም አጣቢዋንም ከሞት አያድንም። በሞያሌ ወሰን ስንኖር በኬላው ስማችን ከወረቀት ይነበባል፤ በሰማይ ደጅ ግን ወረቀታችንም ሽልማታችንም አይጠየቅም። በጥምቀት በስማችን የጠራን፣ ስለ እኛ የሞተው ኢየሱስ ክርስቶስ ያውቀናል። ይህ በጸጋ እንጂ በሥራችን አይደለም።

እንግዲህ ስም ሳንፈልግ ባልንጀራችንን እናገልግል፤ የጠራን አይረሳንምና። አሜን።