ከተሸናፊው ወገን የተመሰገነ

አንድ ሥራ መልካም የሚባለው በፍሬው ነው ወይስ በአሠራሩ? ሮማዊው ኪኬሮ የስቶይኮችን ትምህርት ሲያብራራ የቀስተኛን ምሳሌ አቅርቧል፤ ቀስተኛው አቅሙ በፈቀደ ሁሉ አነጣጥሮ ከወረወረ ተግባሩን ፈጽሟል፤ ፍላጻው ዒላማውን መምታቱ ግን በእርሱ እጅ ብቻ አይደለም። ይህን ትምህርት በአንድ አሜሪካዊ ስፖርተኛ ሕይወት እንመርምረው። ጨዋታው ለብዙዎቻችን እንግዳ ቢሆንም ለጥያቄው የተስማማ ነው።

ቦቢ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1966 በኒው ዮርክ ያንኪስ ቡድን ቤዝቦል ተጫውቷል። በ1960 ወርልድ ሲሪስ በሚባለው የፍጻሜ ውድድር ያንኪስ ከፒትስበርግ ፓይሬትስ ጋር 7 ጊዜ ተጋጠመ። ያንኪስ በጠቅላላው 55 ነጥብ ሲያስቆጥር ፒትስበርግ 27 ብቻ አስቆጠረ፤ ይሁን እንጂ የሚቆጠረው የነጥብ ድምር ሳይሆን የግጥሚያዎች ብዛት ነውና ፒትስበርግ 4 ለ3 አሸነፈ። በዱላው ምት 12 ነጥብ ያስገኘው ሪቻርድሰን የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ከተሸናፊ ቡድን ይህን ሽልማት ያገኘ ሌላ ተጫዋች እስከ ዛሬ የለም።

እንግዲህ የቀስተኛው ምሳሌ በቂ ነው እንበልን? በእኔ አስተያየት አይበቃም። ቀስተኛው ብቻውን ይቆማል፤ ሪቻርድሰን ግን ከጓደኞቹ ጋር ነበር። «እኔ ድርሻዬን ተወጥቻለሁ» የሚለው ቃል ለብቸኛው መጽናኛ ነው፤ አብሮ ለተሸነፈ ሰው ግን ከጓደኞቹ የመሸሻ መንገድ ሊሆን ይችላል። ምስጋናው እውነተኛ ነው፤ ሽንፈቱም እንዲሁ፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ሪቻርድሰን ከ1965 በኋላ ጨዋታ ሊያቆም አስቦ ነበር። ነገር ግን ባልደረባው ቶኒ ኩቤክ በጉዳት ምክንያት ስለ ተሰናበተ፣ ቡድኑ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ እንዳያጣ ሲል አንድ ዓመት ጨመረ። (ይህ በሽልማት መዝገብ የማይጻፍ ሥራ ነው፤ እኔ ግን ከ12ቱ ነጥብ አላሳንሰውም።) በ31 ዓመቱ ጨዋታን ትቶ፣ ከ1970 እስከ 1976 የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሆነ። በ1975 ቡድኑን በኦማሃ ከተማ ለሚደረገው የኮሌጆች ሻምፒዮና ፍጻሜ አደረሰ፤ በዚያም በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተሸነፈ።

አሠልጣኝ ቀስቱን እንኳ አይዝም፤ የሚያቀናው የሌላውን ክንድ ነው። በ1960 ሪቻርድሰን የራሱን 12 ነጥብ ከቡድኑ ሽንፈት ለይቶ ማሳየት ይችል ነበር። በኦማሃ ግን የእኔ ብሎ የሚለየው አንድ ምት አልነበረውም፤ የነበረው የልጆቹ ሽንፈት ብቻ ነበር። በ1976ም እንደ ወትሮው ቡድኑን ይዞ ሜዳ ወጣ።