ቃሉን ያወቀ ነገሩን ያውቃል?

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ደብተር ሲገለጥ ብዙ ጊዜ ለሁለት የተከፈለ ገጽ ይገኝበታል። በግራ በኩል ከባድ የሚባሉ የእንግሊዝኛ ቃላት፣ በቀኝ በኩል ፍቺያቸው። ተማሪው ቀኙን በመዳፉ ሸፍኖ ግራውን ያነባል፤ ፍቺውን ለራሱ ይናገርና እጁን ያነሳል። ከተስማማ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ትጋቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ፍቺውን ሳይሳሳት የተናገረው ልጅ በእርግጥ ምን አወቀ? አንዱን ድምፅ ከሌላው ድምፅ ጋር ማገናኘትና ነገሩን ማወቅ አንድ ናቸው ወይ? ጥያቄው ከፈተና ዝግጅት በላይ ነው፤ ሃይማኖትና ፍልስፍና ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲመላለሱበት ኖረዋል።

በወላይታ ደግሞ ጥያቄው ድርብ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ግን ማስተማሪያው እንግሊዝኛ እንዲሆን ወሰነ። የቦዲቲ ወይም የአረካ ልጅ ማንበብ የጀመረው በላቲን ፊደል በተጻፈ ወላይትኛ ነው። በደብተሩ ቀኝ በኩል የሚሰፍረው ፍቺ ግን አብዛኛውን ጊዜ አማርኛ ነው፤ በእጅ የሚገባው መዝገበ ቃላት የእንግሊዝኛና የአማርኛ ነውና። አምሳሉ አክሊሉና ሞዝባክ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት መዝገበ ቃላት ለብዙ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ባለውለታ ነው። ይሁንና እቤቱ ወላይትኛ ለሚናገር ልጅ ፍቺው ራሱ ፍቺ የሚሻበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ልጁ ከአንዱ የሰው ቋንቋ ወደ ሌላው የሰው ቋንቋ ይሻገራል፤ የራሱ ከመንገዱ ውጭ ይቀራል።

እዚህ ላይ ሊጠራ የሚገባው ሊቅ አፍሪካዊ ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ354 ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር፣ በታጋስቴ ተወለደ። በ389 ገደማ ከልጁ ከአዴዎዳጦስ ጋር ሲወያይ የሚያሳይ «ስለ መምህር» የተባለ ድርሰት ጻፈ። አባትና ልጅ የሚመረምሩት አንድ ነገር ነው፤ ሰው በቃል ሰውን ማስተማር ይችላል ወይ? አውግስጢኖስ ምሳሌውን የወሰደው ከትንቢተ ዳንኤል ነው። ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶኑ እሳት ሲወጡ ልብሳቸው እንዳልተነካ በሚናገረው ክፍል የላቲኑ መጽሐፍ «ሳራባራ» የሚል እንግዳ ቃል ይዟል። ቃሉ የራስ መሸፈኛ ማለት ነው ቢባል ሰሚው ምን ተማረ? ራስ ምን እንደሆነ፣ መሸፈኛ ምን እንደሆነ ቀድሞውኑ በዓይኑ አይቶ ያውቃል። ባያውቅ ኖሮ ፍቺው ሌላ እንግዳ ድምፅ ከመሆን አያልፍም ነበር። ስለዚህ ቃል እውቀትን አያቀብልም፤ ሰው ያየውን እንዲያስታውስ ያላየውንም እንዲፈልግ ያነቃዋል። እውነቱን ከውስጥ የሚገልጠው መምህር፣ እንደ አውግስጢኖስ እምነት፣ ክርስቶስ ነው።

ይህን ሐሳብ ለመመዘን ከወላይታ ጓሮ የተሻለ ቦታ አይገኝም። በባዮሎጂ መጽሐፍ «ፈርመንቴሽን» የሚባል ቃል አለ። የሶዶ ዙሪያ ልጅ እናቱ እንሰት ስትፍቅ፣ የተፋቀውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ጉድጓድ ውስጥ ስትቀብር፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስታወጣው አይቷል። ሽታው እንዴት እንደሚለወጥ፣ መቼ ለቆጮ እንደሚደርስ ያውቃል። ቃሉ የመጣው እውቀቱ ወዳለበት ቤት ነው፤ የጎደለው የባክቴሪያው ታሪክ ብቻ ነው፤ እሱም ቢነገረው ወዲያው ቦታውን ያገኛል። ነገር ግን ልጁ በቀኝ በኩል የሚጽፈው ከመጽሐፉ የተገለበጠ ፍቺ ብቻ ከሆነ፣ የእናቱ ሥራና የፈተናው ቃል ሳይገናኙ ዓመቱ ያልቃል። ይህ የሚያስቆጭ ነው።

«ግላሲየር» ሲመጣ ነገሩ ይለያል። የዳሞታ ተራራ ብርድ ቢኖረውም የበረዶ ወንዝ የለውም። እዚህ ተማሪው ያለው አማራጭ ማመን ነው። አውግስጢኖስ ይህንንም አልሸሸም፤ በዚያው ድርሰቱ ከኢሳይያስ ጠቅሶ እምነት ከማስተዋል እንደሚቀድም ይናገራል። የሦስቱን ወጣቶች ታሪክ በዓይኑ አላየም፤ ግን ያምነዋል፣ ማመኑም ይጠቅመዋል። ያላየውን ቃል በአደራ የሚቀበል ተማሪም እንዲሁ ነው። አደራው የሚከብደው ማንም ሳይከፍተው ሲቀር ነው።

በቃል መያዝን በጅምላ መንቀፍ ስለዚህ ስህተት ይሆናል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጅ ዳዊትን በግዕዝ ይደግማል፤ ሲደግም ትርጉሙን ገና አያውቅም። ግን መንገዱ እዚያ አያበቃም። ቅኔ ቤት አለ፤ ከዚያም መጽሐፍ ቤት ገብቶ አንድምታውን ከመምህሩ እግር ሥር ይሰማል፤ በልጅነቱ በአፉ የተሸከመው ቃል ዓመታት ቆይቶ ይተረጎምለታል። የዛሬው ትምህርት ቤት የወሰደው መጀመሪያውን ብቻ ነው። ዳዊቱን ያስደግማል፤ መጽሐፍ ቤቱ ግን የለውም።

ወላይታ ራሷ በዚህ ጉዳይ የምትመሰክረው ታሪክ አላት። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን እነ ዶክተር ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1928 ሶዶ ደረሱ። ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ በ1937 ተገደው ወጡ። ትተውት የሄዱት የተጠመቀ አማኝ ከመቶ አይበልጥም ነበር። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በወላይትኛ እስኪታተም ገና ብዙ አሥርት ዓመታት ይቀሩ ነበር። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ። ወራሪው ተባርሮ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን የጠበቃቸው በሺዎች የሚቆጠር ምእመን ነበር፤ ዛሬ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በአካባቢው ያላት ሥር ከዚያ ዘመን የሚመዘዝ ነው። ለዚህ እድገት የዘመኑ መከራና የኅብረተሰቡ መናወጥ የራሳቸው ድርሻ ይኖራቸዋል። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ እንግዳው መምህር ሲሄድ ቃሉ አብሮት አልሄደም። የሰሙት ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው ሐዘንና ደስታ ውስጥ ተናግረውታል። አውግስጢኖስ ይህን ቢሰማ የሚደነቅ አይመስልም።

ተቃራኒውንም ወላይታ አይታለች። በ1992 ዓ.ም. ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፋኛንና ዳውሮኛን በማቀላቀል የተዘጋጀ «ወጋጎዳ» የተባለ ቋንቋ በመማሪያ መጻሕፍት ታትሞ ለተማሪዎች ቀረበ። ቋንቋዎቹ ተቀራራቢ ናቸው፤ የአዘጋጆቹ ስሌት በወረቀት ላይ ምክንያታዊ ሊመስል ይችላል። ሶዶ ግን በተቃውሞ ተናወጠች፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ብዙም ሳይቆይ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። የተቃውሞው ምክንያት ከቋንቋም በላይ የማንነትና የአስተዳደር ጥያቄ ነበረበት። እንደዚያም ሆኖ ፈላስፋው ሉድቪግ ቪትገንሽታይን ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1953 በታተመው መጽሐፉ ያነሳውን ነጥብ ያህል ግልጽ የሚያደርገው ሌላ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል። እሱ መጽሐፉን የጀመረው አውግስጢኖስን ጠቅሶ በመሞገት ነው፤ የቃል ትርጉም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሰዎች በኑሯቸው በሚጠቀሙበት መንገድ ውስጥ ነው ይላል። ወጋጎዳ ቃላት ነበሩት። የሚያለቅስበት፣ የሚመርቅበት፣ ገበያ የሚከራከርበት ሰው ግን አልነበረውም።

ሁለቱ ፈላስፎች ቢጣሉም ለሶዶው ተማሪ የሚሉት ይገጥማል። ቃል ወይ ከታየ ነገር፣ ወይ ከሚኖር ኑሮ ጋር መገናኘት አለበት። አስቸጋሪ የሚሆኑት «ጀስቲስ»፣ «ኢንፊኒቲ» የሚባሉት ናቸው፤ በጣት የሚጠቆም ነገር የላቸውም። እነዚህን ግን ልጁ ያለ ምንም መነሻ አይቀበላቸውም። ሽማግሌዎች የመሬት ክርክር ሲዳኙ ተቀምጦ ሰምቷል፤ የተበደለ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ዘላለም የሚለውንም በቀብር ላይ ሰምቶታል።

ፈተናው ይህን አይጠይቅም። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናም ሆነ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለምሩቃን የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ከአራት አማራጭ አንዱን ያስመርጣል፤ ይህም በሁለት ዓምድ የተከፈለውን ደብተር የሚያበረታታ ነው። የክፍል ፈተና ግን በመምህሩ እጅ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ መምህር ተማሪዎቹን ቤታቸው ልኮ እናታቸውን ወይም አያታቸውን ስለ ቆጮ አቀባበር እንዲጠይቁ፣ የሰሙትን በወላይትኛ እንዲጽፉ፣ ቀጥሎ «ፈርመንቴሽን» የሚለውን ቃል እየተጠቀሙ በእንግሊዝኛ እንዲያስረዱ ቢያዝ ከመንግሥት ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልገውም። መልሱን የምትሰጠው እናት እንግሊዝኛ ባታውቅም ስለ ነገሩ ከመጽሐፉ የምትበልጥበት ብዙ አላት።