የጉዲፈቻ የመጨረሻው እርምጃና የቅዱስ ዮሴፍ አደራ



«ቤተ ልሔም» ማለት የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ይህ ስም በሀገራችን ሦስት ስፍራዎችን ያሳስበናል። አንደኛዋ ጌታችን የተወለደባት የይሁዳ ከተማ ናት። ሁለተኛዋ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ የቅዱስ ቁርባን ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት ናት። ሦስተኛዋ በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ምድር የምትገኘው፣ የቅዱስ ያሬድ የድጓ ዜማ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም ናት። ወደዚህች ስፍራ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ርቀው ሲመጡ ኖረዋል። የቆሎ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም የቤቱ እመቤት ከልጆቿ እንጀራ ቆርሳ ትሰጠዋለች፤ እርሱም መምህሩን «የኔታ» ብሎ እንደ አባት ይታዘዛል። ስለዚህ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሕዝብ የሌላውን ልጅ መመገብና ማሳደግ ምን እንደሆነ ከአባቶቹ ተምሯል።

ይሁን እንጂ ይህ ምድር ድርቅ ደጋግሞ የጎበኘው ምድር ነው። ላይ ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። እንጀራ ሲጠፋ እናት ልጇን በእቅፏ ይዛ የማታውቀውን ጥያቄ ትጠየቃለች፦ ልጄን ላቆየው ወይስ እንዲኖር ለሌላ ልስጠው? ይህ ጥያቄ ከሀገራችን ልዩ ልዩ ክፍሎች ብዙ ሕፃናትን ወደ ባዕድ አገር አድርሷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ 2,500 የሚያህሉ ሕፃናት ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ ሄደዋል።

የዚያን ጊዜ የሂደቱ የመጨረሻ ክፍል እጅግ አስጨናቂ ነበር። ውሉ ከተዘጋጀ በኋላ የሴቶችና የሕፃናትን ጉዳይ የሚመለከተው ሚኒስቴር አስተያየቱን ይጽፋል፤ ፍርድ ቤት ውሉን መርምሮ ያጸድቃል፤ ቀጥሎም ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የተቀባዩ አገር ቪዛ ይቀራሉ። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ በቀን እስከ 50 ይመለከት የነበረውን ጉዳይ ወደ 5 ዝቅ አደረገው። የሕፃኑን ፎቶግራፍ በቤታቸው ሰቅለው፣ አልጋውን አንጥፈው የሚጠብቁ ባልና ሚስት ቀኑ ወደ ወራት ሲረዝምባቸው ማየት ቀላል አልነበረም። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ደግሞ ሥራው በሙሉ ቆመ። ጉዳያቸው ተጀምሮ የነበሩ ቤተሰቦችም በር ላይ ቆመው ቀሩ።

የእነዚህን ወላጆች ጭንቀት አናቃልልም። ነገር ግን በዚያው ፍርድ ቤት ሌሎች ሁለት የሚንቀጠቀጡ ልቦች እንደነበሩ እናስተውል። አንዷ የወለደችው እናት ናት። ዳኛው «ውሉን ታውቂዋለሽ ወይ? ተስማምተሻል ወይ?» ብሎ ሲጠይቃት በአንዲት ቃል የእናትነት መብቷን ታስረክባለች። ከእነዚህ እናቶች አንዳንዶቹ ልጃቸው ተምሮ በጥቂት ዓመት የሚመለስ መስሏቸው ነበር። ሁለተኛው ልብ የሕፃኑ ነው። የሚሄድበትን አያውቅም፤ ቋንቋውን፣ ስሙን፣ የለመደውን የምግብ ሽታ ሳይቀር ትቶ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከኢትዮጵያ የተወሰደች አንዲት ልጅ በአሳዳጊዎቿ ጭካኔ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም በ2013 ተፈረደባቸው። እርግጥ ነው፣ በፍቅር ያደጉ ብዙዎች አሉ። ሆኖም የአንዲቱ ሞት የመጨረሻው ፊርማና ማኅተም በጥድፊያ የሚታለፍ ነገር አለመሆኑን አስተምሮናል።

ቅዱስ መጽሐፍ ስለዚህ ነገር ብዙ ይነግረናል። በንጉሥ ሰሎሞን ፊት የቆመችው እውነተኛይቱ እናት ልጇ ከሚሞት ለሌላይቱ እንዲሰጥ ለመነች (1ኛ ነገ. 3፥16-28)። ስለዚህ ልጇን የሰጠችውን እናት ጨካኝ ብለን አንፍረድባት፤ ፍቅሯ ከእኛ ፍቅር ይበልጥ ይሆናል። ሙሴንም የፈርዖን ልጅ ልጇ አድርጋ ስታሳድገው፣ የገዛ እናቱ ጡት እንድታጠባው ሆነ (ዘፀ. 2፥1-10)። እግዚአብሔር ሕፃኑን ሲያድን ከወለደችው እናት ጋር አላቆራረጠውም። የሀገራችን የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደተጠበቀ እንዲቆይ መደንገጉ ከዚህ ጥበብ ጋር ይስማማል።

ከሁሉ በላይ ግን ቅዱስ ዮሴፍን እንመልከት። ያልወለደውን ሕፃን ስም አወጣለት፤ በዚህም በሕግ አባቱ ሆነ (ማቴ. 1፥18-25)። የሄሮድስ ሰይፍ በተመዘዘ ጊዜ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ተሰደደ። በቤተ ልሔም የእናቶች ልቅሶ በተሰማበት ወራት ዮሴፍ እናትና ልጅን ሳይነጣጥል አዳነ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 8 ቀን 2020 ስለ ቅዱስ ዮሴፍ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ አባትነት ሕፃን ወደ ዓለም በመምጣቱ ብቻ እንደማይገኝና በኃላፊነት በመንከባከብ እንደሚሆን አስተምረዋል። እኛም ራሳችን የጉዲፈቻ ልጆች ነን። ሐዋርያው ጳውሎስ እንዳስተማረው፣ በባሕርይ ልጅ የሆነው አንድያ ልጁ ሲሆን እኛ በጥምቀት የልጅነትን መንፈስ ተቀብለን እግዚአብሔርን አባት ብለን እንጠራለን (ሮሜ 8፥15)። ልጅነትን በነጻ የተቀበለ ሰው ልጅን እንደ ንብረት ሊቆጥር አይችልም።

በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1070/2010 መሠረት የውጭ አገር ሰዎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ መውሰዳቸው ቀርቷል። አንዳንዶች በዚህ ደስ አላቸው፤ ሌሎች ደግሞ «በሕፃናት ማሳደጊያ የቀሩትስ?» ብለው አዘኑ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከእኛ ይፈለጋል። የውጭው በር ሲዘጋ የእኛ በር ተከፍቷል ወይ?

ብዙዎቻችን የዘመድ ልጅ ከገጠር እናመጣለን። «እናሳድገው፣ እናስተምረው» እንላለን። ከዚያ በኋላ የቤቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ እርሱ ውኃ ይቀዳል፤ እርሷም እንጀራ ትጋግራለች፣ ሕፃን ታዝላለች። ይህ ማሳደግ አይባልም። የቤተሰብ ሕጋችን አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘው ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን ሊሽረው እንደሚችል ይናገራል። ሕግ የሚቀጣውን በደል ክርስቲያን በቤቱ ሊሸሽገው አይገባም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ እናት በችግር ምክንያት ልጇን ለመስጠት ስታስብ ቁምስናው አስቀድሞ ይድረስላት። ጥቂት ጤፍ፣ የቤት ኪራይ ወይም ሥራ አንድን ቤተሰብ ሳይበተን ሊያቆየው ይችላል። ሁለተኛ፣ ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት በሕጋዊ መንገድ ወላጅ የሌለውን ሕፃን ለማሳደግ ያስቡ፤ ትምህርተ ክርስቶሳችንም ይህን የልግስና መንገድ ያመሰግናል። በፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲጨነቁ ብቻቸውን አንተዋቸው፤ አብረናቸው እንሂድ፣ አብረናቸው እንጸልይ። መዘግየቱ ቢያማርራቸውም፣ ዳኛው የሚጠይቀው እያንዳንዱ ጥያቄ ለሕፃኑ ጠባቂ መሆኑን እናስረዳቸው። ሦስተኛ፣ በወረቀቱ ላይ ሐሰት አይግባ። በሕይወት ያለችን እናት ሞታለች ብሎ መመስከር፣ ዕድሜን መለወጥ፣ ስምን መሰወር ልጁ ካደገ በኋላ ማንነቱን ፍለጋ ሲነሣ የሚደርስበትን መንገድ መዝጋት ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ለልጆች ስለ ጥምቀት ስታስተምሩ በመካከላቸው የተቀመጠውን የማደጎ ልጅ አስቡት። እግዚአብሔር ሁላችንንም በዚህ መንገድ ልጆቹ እንዳደረገን ሲሰማ አንገቱን ቀና ያደርጋል።

በቤተ ልሔም የተወለደው የሕይወት እንጀራ፣ ልጆቻቸውን የሰጡትን እናቶች ያጽናና፤ በሩቅ አገር ያደጉትን ልጆች ይጠብቅ፤ ቤታችንንም የእንጀራ ቤት ያድርግልን። አሜን።