እልሃችሁን ወዴት ትወስዱታላችሁ?

ልጆቼ፣ ከመካከላችሁ መኪና የሚወድ፣ ኳስ የሚጫወት፣ ወይም በትምህርትም በሥራም ከእኩዮቹ ልቆ መውጣት የሚመኝ ካለ «ሴና» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ፈልጎ እንዲያይ እመክረዋለሁ። አሲፍ ካፓዲያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ነው፤ ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ሦስት ጊዜ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ብራዚላዊ የአይርተን ሴናን ሕይወት ይተርካል። በፊልሙ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያስረዳችሁ ሰው የለም። የሚታየው በዚያው ዘመን የተቀረጸ ምስል ነው፤ የሚያውቁት ሰዎች ድምፅ ብቻ ከበስተጀርባ ይሰማል። ስለዚህ ሰውየውን ስታዩት ገና በሕይወት ያለ ይመስላችኋል።

ብዙዎች ፍጥነቱን ያያሉ። እናንተ ግን እልሁን ተከታተሉልኝ። እልህ የሌለው ወጣት የትም አይደርስም፤ እልሁን የት እንደሚያውለው የማያውቅ ደግሞ ደርሶም ይጎዳል። በሴና ሕይወት ውስጥ ሁለቱንም ታገኛላችሁ።

ሴና የተወለደው በ1960 በሳኦ ፓውሎ ከተማ፣ ደህና ኑሮ ካለው ቤተሰብ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በሣር ማጨጃ ሞተር የምትሄድ ትንሽ መኪና ሠራለት። በ13 ዓመቱ ካርት በምትባል ትንሽ የውድድር መኪና መወዳደር ጀመረ። ታዲያ በጀማሪነቱ ዘመን በዝናብ በተደረገ ውድድር ክፉኛ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሌላው ሲጠለል እሱ ካርቱን እያወጣ በረጠበ መንገድ ይለማመድ ጀመር። ጎማው መቼ እንደሚንሸራተት፣ ፍሬን የት እንደሚያዝ፣ ውሃ የማይተኛበት የመንገዱ ክፍል የትኛው እንደሆነ በገዛ እጁና እግሩ አጠና። በ1984 በፎርሙላ ዋን ውድድር፣ ሞናኮ ላይ ቶልማን የምትባል ደካማ መኪና ይዞ ከ13ኛ ቦታ ተነሣ። ዝናቡ ከብዶ ውድድሩ በ31ኛው ዙር ሲቋረጥ ሁለተኛ ነበር፤ መሪውን ፈረንሳዊውን አሌን ፕሮስትንም ሊደርስበት ትንሽ ቀርቶት ነበር። በዓመቱ ፖርቱጋል ላይ፣ አሁንም በዝናብ፣ የመጀመሪያውን የፎርሙላ ዋን ድሉን ሲያገኝ ሁለተኛ የወጣውን ከአንድ ደቂቃ በላይ ጥሎት ገባ።

ሰዎች «ለዝናብ የተፈጠረ» አሉት። አልነበረም፤ በዝናብ የተሸነፈ ልጅ ነበር። እናንተም ሒሳብ ከከበዳችሁ ከሒሳብ ክፍል አትሽሹ። ሰው ፊት መናገር የሚያስፈራችሁ ከሆነ ዕድሉ ሲመጣ ለሌላ አታሳልፉት። በተሸነፋችሁበት ነገር እልህ ያዙ፤ ተመልሳችሁም ግቡበት። ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም።

በ1991 በገዛ አገሩ በብራዚል የሆነውንም ልብ ብላችሁ እዩ። እስከዚያ ቀን ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ቢሆንም በፎርሙላ ዋን በአገሩ ሕዝብ ፊት አሸንፎ አያውቅም ነበር። እየመራ ሳለ ካምቢዮው ተበላሸ፤ ማርሾቹ አንድ በአንድ እምቢ ብለውት በመጨረሻ ስድስተኛው ብቻ ቀረው። ቀስ ተብሎ የሚታለፈውን ጠባብ ኩርባ በከፍተኛው ማርሽ ሞተሩ ሳይጠፋ ማዞር ምን ያህል ጉልበት እንደሚጨርስ መኪና የነዳ ይገምተዋል። በዚያ ላይ ዝናብ ጀመረ። አንደኛ ሆኖ ሲገባ ጡንቻው ተሳስሮ ከመኪናው የወጣው በሰው እርዳታ ነው። መድረኩ ላይ ዋንጫውን ለማንሳት ሲታገል፣ ፊቱ በሕመም ሲጨማደድ ፊልሙ አቅርቦ ያሳያችኋል። እዚያ ቦታ ላይ ቆም ብላችሁ ደግማችሁ እዩት።

አሁን ወደማልወድለት ነገር ልምጣ። በ1989 ጃፓን፣ ሱዙካ ላይ ከቡድን ጓደኛውና ከባላንጣው ከፕሮስት ጋር ተጋጨ። ሴና ውድድሩን ቀጥሎ አንደኛ ቢገባም ውጤቱ ተሰረዘበት፤ ሻምፒዮንነቱም ለፕሮስት ሆነ። በደል ደርሶብኛል ብሎ አመነ፤ ቂሙንም ዓመት ሙሉ ያዘው። በ1990 በዚያው ሱዙካ፣ ገና በመጀመሪያው ኩርባ፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ፕሮስት ላይ ገባበት። ሁለቱም ከመንገድ ወጡ፤ ሴናም ሻምፒዮን ሆነ። በዓመቱ ራሱ ሆን ብሎ እንዳደረገው ተናገረ። ፊልሙ እዚህ ላይ ለሴና ያደላል፤ የደረሰበትን በደል አብዝቶ እያሳየ ያደረሰውን ያሳንሰዋል። እኔ ግን እላችኋለሁ፦ የዚያን ቀን ሥራው ስሕተት ነበር። ሁለት ሰው ሊሞት ይችል ነበር፤ ከኋላ የሚመጡትም ነበሩ። ዝናብን ያሸነፈው እልህ ሰው ላይ ሲዞር ይህን አደረገ። ጀግናችሁን ውደዱት፤ ጥፋቱን ግን አትውረሱ። መኪና የምትነዱም ስሙኝ፦ ሰው የሚሻገርበት የከተማ መንገድ የውድድር ሜዳ አይደለም፤ የቀደማችሁን ሁሉ ካልቀደምን አትበሉ።

የመጨረሻው ክፍል ከባድ ነው። ኤፕሪል 30 ቀን 1994 ኢሞላ፣ ጣሊያን ላይ ኦስትሪያዊው ሮላንድ ራትዘንበርገር በማጣሪያው ሞተ። ሴና አለቀሰ። ወዳጁ ሐኪሙ ሲድ ዋትኪንስ «ተወው፣ አብረን ዓሣ እናጥምድ» ቢለው መተው እንደማይችል መለሰለት። በማግስቱ ጠዋት የአሽከርካሪዎች ማኅበር እንደገና ቆሞ ስለ ደኅንነት እንዲሟገት ከጓደኞቹ ጋር ተነጋገረ። በዚያው ቀን በሰባተኛው ዙር ከግንብ ጋር ተላትሞ ሞተ፤ ዕድሜው 34 ነበር። መኪናው ውስጥ የተጠቀለለ የኦስትሪያ ባንዲራ ተገኘ። ማኅበሩም ሴና በሞተበት ወር እንደገና ተቋቋመ። መኪኖቹና መንገዶቹ ተለወጡ፤ ከዚያ በኋላ ለ20 ዓመት በፎርሙላ ዋን ውድድር ሕይወቱን ያጣ አሽከርካሪ አልነበረም።

ስለ ፕሮስት አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በ1993 አብረው በተወዳደሩበት የመጨረሻ ውድድር ላይ ሴና መድረኩን ሲይዝ ፕሮስትን ወደ አንደኛው ደረጃ ስቦ አቀፈው። ኢሞላ ላይም፣ በሞተበት ውድድር ሰሞን፣ ለቴሌቪዥን በሚነዳበት ዙር በሬዲዮ ለፕሮስት ሰላምታውንና ናፍቆቱን ላከለት። ፕሮስት በሳኦ ፓውሎ ቀብር ላይ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ የሴና እኅት ቪቪያን ለብራዚል ልጆች ትምህርት ባቋቋመችው ድርጅትም በባለአደራነት አገልግሏል። ልጆቼ፣ ከእናንተም መካከል ከሥራ ባልደረባው ወይም ከጓደኛው ጋር በፉክክር የተኳረፈ ካለ፣ ነገ ዛሬ ሳይል ደውሎ ያነጋግረው።