በወንዝ አፍ የተዘረጋ መረብ

ከሌላ ሰው ኪስ ገንዘብ የወሰደ ሌባ ይባላል፤ ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ገና ካልተወለደ ሰው የሚወስደውን ግን ምን እንለዋለን? ባለንብረቱ አይጮኽም፤ ከዳኛ ፊት ቆሞም አይከስም። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ጥያቄ በጣና ዓሣ ላይ ላቅርብላችሁ።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ በአማካይ ከ8 እስከ 9 ሜትር ብቻ ነው። በውስጡ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ይገኛሉ። ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው በእውነቱ ብዙ ዓይነት ነው፤ ሊቃውንት ለይተው ካወቋቸው ውስጥ 15 ያህሉ ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የሉም። ከሐይቁ በታች ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ስለሚወርድ ከታች የመጣ ዓሣ ሽቅብ ሊወጣ አይችልም። እንግዲህ በጣና አንድ ዘር ቢጠፋ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካው የለም።

ከነጭ ዓሣዎቹ ብዙዎቹ ክረምቱ ሲገባደድ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ እንቍላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። ከመግባታቸውም አስቀድሞ በወንዙ አፍ ላይ ይከማቻሉ። በዚያ መረብ የዘረጋ ሰው በሌላ ወር በብዙ ቀን የማያገኘውን በአንድ ሌሊት ይሰበስባል፤ የሚሰበስበው ግን እንቍላል የተሸከመችውን ነው። ወደ ላይ በትንንሾቹ ጅረቶች ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውኃው ውስጥ የሚበትን አለ፤ ብርብራውም ትልቁን ከትንሹ አይለይም።

የወይጦ ሰዎች በደንገል ታንኳ ለብዙ ዘመን ሲያጠምዱ ኖረዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። የታሰበው የድኻውን ገቢ ለማሻሻል ነበርና አሳቡ በጎ ነበር። ነገር ግን በ1990ዎቹ ዓመታት ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሣዎች ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህሉ እንደ ቀነሱ አጥኚዎች አረጋገጡ። በ1995 ዓ.ም. ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 ወጣ። አዋጅ ግን ሌሊት በወንዝ አፍ ቆሞ አይጠብቅም።

አጥማጁን ብትጠይቁት፣ «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» ይላችኋል። በዚህ መልስ ለመሳቅ አትቸኵሉ፤ እውነትም ሌላው ይወስደዋል። ሆኖም መልሱ የሚያስረዳው ብቻውን የሚታቀብ ሰው የሚጐዳ መሆኑን ነው እንጂ መውሰዱ ተገቢ መሆኑን አይደለም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከነጫጩቶቿ አብሮ እንዳይወስድ ያዝዛል። መብላትን አልከለከለም፤ የከለከለው ዘሩን ከነሥሩ መንቀልን ነው። በወንዝ አፍ የተዘረጋው መረብ ግን እናቲቱንም ልጆቿንም በአንድነት ያወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስቸግረኛል። የተራበ ልጅ ያለውን አባት ገና ስላልተወለደው ሰው አስብ ብሎ የሚመክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የጠገበ ነው። ለልጁ እራት ሁለት ዓሣ ያወጣውን ሰው እኔ ሌባ ለማለት አልደፍርም። ሁለት ዓሣ ግን ሐይቅ አያራቍትም። የሚያራቍተው ለገበያ የተጫነው ነው፤ ገበያ ደግሞ እኛ ነን። እኔ ስለ ታማኝነት ሳስተምር በኖርሁበት ዘመን ሁሉ በመስከረም የቀረበልኝን ዓሣ ከየት እንደ ተያዘ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። የአጥማጁን ጥፋት ለይቼ አየሁ፤ የራሴን ሳህን አላየሁም።

አጥማጁ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ከወንዝ አፍ መረቡን ያንሣ ካልን፣ በእነዚያ ወራት የሚጐድልበትን ማን ይሸፍንለት? ሸክሙ የእርሱ ብቻ ከሆነ ፍርዳችን አድልዎ ነው። ገበያ ስትወጡ በክረምቱ ማብቂያ ከወንዝ አፍ የመጣውን አትግዙ፤ በኅዳርም ዓሣው ቢወደድባችሁ ከሻጩ ጋር አትከራከሩ።